ከቦሌ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

የሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎችን ስም ጽፎ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማወቅ ዛሬ የአፍታ ሥራ ነው። ቦሌንና ዋሽንግተን አጠገብ የሚገኘውን ደለስን ላስገባ ሰው ኮምፒውተሩ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚል ቁጥር ያወጣለታል፤ ከሥሩም የበረራ ጊዜ ብሎ 13 ወይም 14 ሰዓት ይጽፍለታል። ርቀቱ ትክክል ነው። ሰዓቱ ግን የሚሠራው ለአንዱ አቅጣጫ ብቻ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ 13 ሰዓት ገደማ ይበርራል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ግን ለዓመታት መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ እየሞላ ሲጓዝ ኖሯል፤ በዚህም ምክንያት ጉዞው ከ16 እስከ 17 ሰዓት ይፈጃል። አየር መንገዱ ያው፣ አውሮፕላኑ ያው፣ ርቀቱም ያው ሆኖ ሳለ ነው ይህ ሁሉ ልዩነት የሚመጣው።

ልዩነቱ በሰው ጉልበት ላይ የሚያርፍ ነው። ዋሽንግተንና በዙሪያዋ ያሉት የቨርጂኒያና የሜሪላንድ ከተሞች በአሜሪካ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ኢትዮጵያዊ የሚኖርባቸው ናቸው። በዚህ መስመር ከሚጓዙት መካከል ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ እናቶች፣ ጉልበታቸው የደከመ አባቶች፣ ሕፃን ያቀፉ ወላጆች አሉ። ለእነርሱ ሦስትና አራት ሰዓት ተጨማሪ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም። «ለምን ይቆማል?» ብለው ሲጠይቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ «ነዳጅ ሊሞላ» የሚል ብቻ ነው። ታዲያ ሲመለስ ለምን አይሞላም? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሀገራችን ከተቀመጠችበት ከፍታ ይጀምራል፤ ዛሬ ቢሾፍቱ አጠገብ እስከሚገነባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስም ይዘልቃል።

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ የሚሰጠን ቁጥር ምን እንደሆነ እንይ። 11,560 የተባለው በመሬት ሉል ላይ ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው አጭሩ መሥመር ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ አዲስ አበባንና ዋሽንግተንን በማስመሪያ ብናገናኝ መሥመሩ በምዕራብ አፍሪካ በኩል አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል። በሉል ላይ ክር ወጥረን ብናይ ግን ክሩ ከጎጃም በላይ ወደ ሱዳን፣ ከዚያ ወደ ሊቢያና አልጄሪያ ወጥቶ በስፔን በኩል ነው ውቅያኖሱ ላይ የሚገባው። ካርታው ጠፍጣፋ ስለሆነ ያታልላል። አየርላንድ ውስጥ የምትገኘው ደብሊን በካርታው ላይ ከመንገዱ እጅግ የራቀች ትመስላለች፤ ነገር ግን ከቦሌ ደብሊን፣ ከደብሊን ዋሽንግተን ያለውን ብንደምር 11,830 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚመጣው። ከአጭሩ መንገድ የሚበልጠው ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ይህም በአየር ላይ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው። በሮም በኩል ቢኬድ ልዩነቱ ከዚህም ያንሳል። የቶጎ ዋና ከተማ ሎሜ ግን በካርታው ላይ ቅርብና ቀጥተኛ ብትመስልም ጉዞውን ወደ 12,750 ኪሎ ሜትር ታደርሰዋለች።

ስለዚህ በደብሊን ወይም በሮም ማለፍ በራሱ መንገዱን አያስረዝመውም። ጊዜውን የሚበላው ወርዶ ማረፉ፣ መቆሙና እንደገና መነሣቱ ነው። ለማረፍ ፍጥነትና ከፍታ መቀነስ፣ ተራ መጠበቅ፣ መሬት ላይ አንድ ሰዓት ያህል መቆም፣ ከዚያ ደግሞ ከዜሮ ተነሥቶ ወደ 11 ሺህ ሜትር መውጣት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲደመር ሁለት ሰዓት ይሞላል።

ብዙ ሰው የጉዞውን ርዝመት ከትኬቱ ለማንበብ ሲሞክርም ይሳሳታል፤ ትኬቱ የሚጽፈው የየሀገሩን ሰዓት ነውና። በሰኔ ወር ከዋሽንግተን ከረፋዱ 5 ሰዓት የሚነሣና በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ የሚደርስ በረራ እንውሰድ። በግድግዳ ሰዓት 20 ሰዓት አለፈ፤ ነገር ግን አዲስ አበባ በዚያ ወቅት ዋሽንግተንን በ7 ሰዓት ስለምትቀድም እውነተኛው ጉዞ 13 ሰዓት ነው። በተቃራኒው ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተነሥቶ በማግሥቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ዋሽንግተን የሚያርፈው በረራ ሲታይ የ10 ሰዓት መንገድ ይመስላል፤ 7 ሲጨመርበት ግን 17 ነው። በክረምታቸው፣ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ፣ ልዩነቱ 8 ሰዓት ይሆናል። እናቱን ብቻዋን የሚያሳፍር ሰው ይህን ስሌት አስቀድሞ ቢሠራው መልካም ነው፤ የመድኃኒት ሰዓት፣ የምግብ ሰዓት፣ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው የመርፌ ሰዓት የሚቆጠረው በእውነተኛው ርዝመት ነው።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ። አንደኛው ነፋስ ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል አውሮፕላኖች በሚበርሩበት ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉድ ኃይለኛ የነፋስ ጅረት አለ፤ በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት አትላንቲክ ላይ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሊደርስ ይችላል። ከአሜሪካ የሚመጣውን ከኋላ ይገፋዋል፤ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ፊት ለፊት ይጋፋዋል። በዚህ ምክንያት ብቻ አውሮፕላኑ መሃል ላይ ሳያርፍ ቢሄድ እንኳ የመሄጃው በረራ ከመመለሻው አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይረዝማል። አንድ ቦይንግ 787 በየሰዓቱ 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ያቃጥላል ብንል፣ የ15 ሰዓት በረራ 75 ቶን ይፈልጋል፤ ሕግ የሚያስገድደው መጠባበቂያ ሳይቆጠር ማለት ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄደው አውሮፕላን እንግዲህ ከመመለሻው የበለጠ ነዳጅ ተሸክሞ መነሣት አለበት። ይህን የበለጠ ክብደት ማንሣት ያለበት ደግሞ ለማንሣት ከሚያስቸግረው ቦታ፣ ከቦሌ ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ይኸው ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የዋሽንግተኑ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሞቅ ባለ ቀን ቦሌ ላይ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው የሚመዝነው። ክንፍ የሚያነሣው ደግሞ በሥሩና በላዩ በሚያልፈው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የግድ መፍጠን አለበት። ሞተሩም የሚስበው አየር ስስ ስለሆነ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል። አውሮፕላኑ የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፣ ፍጥነቱን የሚሰጠው ጉልበት ግን አንሶበታል። በባሕር ዳርቻ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ሲደርስ መነሣት የሚችል አውሮፕላን ቦሌ ላይ 320 ገደማ መድረስ ይኖርበታል።

ከቦሌ በሌሊት የረጅም መንገድ በረራ የተሳፈረ ሰው በመስኮት ቢያስተውል ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። አውሮፕላኑ ሞተሩን ከፍቶ መንደርደር ይጀምራል፤ የማኮብኮቢያው ዳር መብራቶች መጀመሪያ አንድ በአንድ ያልፋሉ፣ ቀጥሎ ይቀራረባሉ፣ በመጨረሻ አንድ መሥመር ይሆናሉ። በሌላ ከተማ ቢሆን አፍንጫው ቀና ባለበት ሰዓት ቦሌ ላይ ገና መሬቱን እየፈጨ ነው። ከጎማዎቹ የሚመጣው ድምፅ እየቀጠነ ይሄዳል። ሲነሣም ቀስ ብሎ ነው፤ የከተማይቱ መብራት ለረጅም ጊዜ ቅርብ ሆኖ ይቆያል። ብዙ መንገደኛ በዚያች ቅጽበት በልቡ የሚጸልየው ያለ ነገር አይደለም፤ አካሉ ክብደቱን ይረዳዋል።

ማኮብኮቢያውን ማስረዘም ብቻውን ለዚህ መፍትሔ አይሆንም። የቦሌ ማኮብኮቢያዎች ወደ 3.7 እና 3.8 ኪሎ ሜትር የሚጠጉ ናቸው፤ በየትኛውም መለኪያ አጭር የሚባሉ አይደሉም። ነገር ግን ጎማ መሬት ላይ የሚሽከረከርበት የፍጥነት ገደብ አለው፤ ለትልልቅ አውሮፕላኖች ገደቡ ብዙውን ጊዜ በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ፍሬንም እንዲሁ። አብራሪው በመጨረሻው ሰዓት መነሣቱን ለማቋረጥ ቢወስን ፍሬኑ ያንን ሁሉ ፍጥነት ማብረድ አለበት፤ ፍጥነት በ15 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ የሚሸከመው ኃይል በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ አንዱ ሞተር በመነሣት ላይ ሳለ ቢጠፋ አውሮፕላኑ በቀረው ሞተር ወጥቶ ከአካባቢው ተራሮች በላይ በአስተማማኝ ርቀት ማለፍ እንደሚችል በስሌት መረጋገጥ አለበት። በሰሜን እንጦጦ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ሁለቱም ከ3,000 ሜትር በላይ ናቸው። እነዚህ ሁሉ ገደቦች ተደምረው ለአንድ ምሽት፣ ለአንድ የሙቀት መጠን፣ ለአንድ አውሮፕላን የሚፈቀደውን ትልቁን የመነሻ ክብደት ያወጣሉ። ከዚያ በላይ አንድ ኪሎም መጫን ክልክል ነው።

ክብደቱ ሲወሰን ምርጫው ግልጽ ይሆናል። አንድ መንገደኛ ከነሻንጣው 100 ኪሎ ገደማ ተብሎ ቢታሰብ 1 ቶን ነዳጅ ማለት የ10 ሰው ቦታ ነው። ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ፣ ሻንጣው በበርበሬ፣ በሽሮና በቡና ተጠቅጥቆ ሲሄድ ደግሞ ከ10 ያነሰ ሰው ነው። አውሮፕላኑ ሳይቆም ዋሽንግተን እንዲደርስ ከተፈለገ ብዙ መቀመጫ ባዶ መሄድ ይኖርበታል፤ የባዶውን መቀመጫ ዋጋ ደግሞ የተቀመጡት ይከፍላሉ። አየር መንገዱ ሰዉንም ጭነቱንም ሞልቶ፣ ነዳጁን ግማሽ መንገድ የሚያደርሰውን ያህል ብቻ ይዞ መነሣትን መርጧል። እኔ ይህን ውሳኔ ትክክል ነው እላለሁ። በመቶ የሚቆጠር መንገደኛ ለሚሳፈርበት፣ የትኬቱ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ የዓመት ቁጠባ ለሆነበት መስመር፣ ባዶ መቀመጫ ጭኖ መብረር ፍትሐዊ አይደለም።

በዚህ መስመር ታሪክ ውስጥ ይህን ሁሉ ባጭሩ የሚያሳይ አንድ ክንውን አለ። በ1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የተረከበው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ሳያርፍ በረረ፤ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ገባ። በጊዜው ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን በአንድ ትንፋሽ እዚህ ድረስ በርሮ አያውቅም ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። አውሮፕላኑ የተነሣው ከዝቅተኛው ቦታ፣ የበረረው ደግሞ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ ነው። ዛሬ ከ40 ዓመት በኋላ ያለው 13 ሰዓት ከያኔው ብዙም የሚለይ አይደለም። አውሮፕላኖቹ በነዳጅ ቁጠባና በምቾት እጅግ ተሻሽለዋል፤ በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ የገባው 787፣ በኋላም ኤርባስ ኤ350 ለዚህ ምስክር ናቸው። የሚበርሩበት ፍጥነት ግን ከያኔው እምብዛም አልጨመረም፤ ከፍታውና ነፋሱም ባሉበት አሉ።

መሃል ማረፊያው ባለፉት ዓመታት ሲለዋወጥ ቆይቷል፤ ሮም፣ ደብሊን፣ ሎሜ። ሎሜ ረጅም መንገድ ሆና ሳለ የተመረጠችበት ምክንያት አለ። በዚያ መንገደኛ ማውረድና መጫን ይቻላል፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለው አስካይ የተባለው አየር መንገድም መቀመጫው እዚያው ስለሆነ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኞችን እየሰበሰበ ያቀርባል። ለነዳጅ ብቻ የሚታረፍበት ቦታ ግን ለመንገደኛው ምንም አይሰጠውም። ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል መብራት ይበራል፤ የበረራ ሠራተኞቹ ይቀያየራሉ፤ የነዳጅ መኪናው ክንፉ ሥር ይቆማል። ነዳጅ እየተሞላ ሳለ የመቀመጫ ቀበቶ ፈትቶ መቀመጥ ግዴታ ነው፤ አደጋ ቢደርስ ሰው ሳይደናቀፍ እንዲወጣ ነው። ቀበቶ እሰሩ ሲባሉ የኖሩ አዛውንት ፍቱ ሲባሉ ግራ ይገባቸዋል፤ የደረሱ የመሰላቸውም ሻንጣቸውን ለማውረድ ይነሣሉ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ በዝግታ ቢነገራቸው፣ «ገና ነን፤ ከፊታችን ሰባት ስምንት ሰዓት አለ» ቢባሉ ብዙ ጭንቀት ይቀራል።

በዚህ የምንቸገረው እኛ ብቻ አይደለንም። ሜክሲኮ ሲቲ ከቦሌ ብዙም የማታንስ ከፍታ ላይ ናት፤ ኤሮሜክሲኮ ወደ ደቡብ ኮሪያዋ ሴኡል ሲበርር ዝቅ ባለ ቦታ በምትገኘው ሌላዋ የሜክሲኮ ከተማ በሞንቴሬይ አርፎ ይሄዳል፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይገባል። ጆሃንስበርግ 1,700 ሜትር ገደማ ብቻ ሆና ሳለ የአሜሪካው ዴልታ በኤ350 አውሮፕላን ከአትላንታ በቀጥታ መጥቶ፣ ሲመለስ ባሕር ዳር ባለችው ኬፕ ታውን አርፎ ለመሄድ ያቀደበት ጊዜ አለ። ደጋ ላይ የተሠራ አውሮፕላን ማረፊያ ሁሉ ይህን ግብር ይከፍላል።

በዚህ ላይ የጎረቤቶቻችን ሰላም ማጣት ታክሎበታል። አጭሩ መሥመር የሚያልፈው በሱዳንና በሊቢያ ሰማይ ላይ ነው ብለናል። የሱዳን የአየር ክልል በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ተዘጋ። ሊቢያ ላይም ብዙ አየር መንገዶች መብረር ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል። ከቦሌ ወደ አውሮፓ የሚሄዱ በረራዎች ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ግብፅ ዞረው ማለፍ ግድ ሆነባቸው። ኮምፒውተሩ ርቀቱን ሲያሰላ ጦርነት አያውቅም፤ ሰማዩ ሁሉ ክፍት እንደ ሆነ አድርጎ ነው የሚለካው። ካርቱም ላይ የሚወድቀው ጥይት ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚሄደው መንገደኛ ደቂቃ ይጨምራል፣ ነዳጅ ይጨምራል።

ታዲያ በጥር 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የቢሾፍቱ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ይህን ታሪክ ይለውጠዋል? ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ደቡብ ምሥራቅ፣ አቡሴራ በተባለው ቦታ የሚሠራው ይህ ማረፊያ 12.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጅ፣ አራት ማኮብኮቢያዎች እንደሚኖሩት፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንደሚያስተናግድ ተገልጿል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ስፋቱ ነው። ለእኔ ግን ከስፋቱ ይልቅ ከፍታው ያጓጓኛል፤ ቦታው ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

400 ሜትር ምን ያህል ነው? በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት የአየሩ ግፊት 5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ስለሚሞቅ ከዚህ ላይ ጥቂት ይቀነሳል፤ 4 በመቶ ይቀራል እንበል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 230 ቶን የሚመዝን አውሮፕላን ላይ 4 በመቶ ማለት 9 ቶን ገደማ ነው፤ ይህም የሁለት ሰዓት ያህል ነዳጅ ወይም የ90 ሰው ቦታ ነው። ስሌቱ በግርድፉ ነው፤ የእያንዳንዱ አውሮፕላን ውጤት ይለያያል። ቢሆንም ወደ ምዕራብ ሲኬድ ነፋሱ ከሚወስድብን ጊዜ ጋር ስናስተያየው፣ አንዳንዱ በረራ መሃል ላይ ሳያርፍ እንዲሄድ የሚያደርገውን ሚዛን ሊደፋ የሚችል ልዩነት ነው። በተለይ ሌሊት፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል። እንዲህም ሆኖ ቢሾፍቱ በከፍታ ከጆሃንስበርግ ትበልጣለች፤ በሞቃት ቀን፣ ሙሉ ጭነት ይዞ፣ ኃይለኛ ነፋስ በሚነፍስበት ወራት የደብሊኑ ማረፊያ ጨርሶ ይቀራል ብሎ ለሕዝብ ተስፋ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም።

ሌላው ጉዳይ በሁለቱ ማረፊያዎች፣ በቦሌና በቢሾፍቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ቦሌ ከተማው መሃል ነው ማለት ይቻላል፤ ከመስቀል አደባባይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው 40 ኪሎ ሜትር ተጨማሪ መንገድ፣ የከተማው መውጫ በተጨናነቀ ቀን፣ በአየር ላይ ሊያተርፈው ከሚችለው ጊዜ ላይ አንድ ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ከአፍሪካ ወደ እስያ ወይም ወደ አውሮፓ በትራንዚት ለሚያልፈው መንገደኛ ይህ ምንም አይደለም፤ እርሱ ከማረፊያው አይወጣም። አዲሱ ማረፊያ በዋናነት የሚሠራው ለእርሱ መሆኑም መታወቅ አለበት፤ ለሀገር ገቢ የሚያመጣው እርሱ ነውና ስህተት የለበትም።

የሚያሳስበኝ የክፍለ ሀገሩ መንገደኛ ነው። በተገለጸው ዕቅድ ቦሌ የሀገር ውስጥ በረራዎችን ማስተናገዱን ይቀጥላል፤ ሁለቱን ማረፊያዎችም ፈጣን ባቡር ያገናኛቸዋል። ዛሬ ከጎንደር ተነሥታ ዋሽንግተን የምትሄድ እናት ቦሌ ላይ ከአንዱ ተርሚናል ወደ ሌላው ነው የምትሻገረው። ነገ ግን ቦሌ ወርዳ፣ ባቡር ይዛ፣ ቢሾፍቱ ገብታ እንደገና ልትመዘገብ ነው። ሻንጣዋን ከጎንደር አስረክባ ዋሽንግተን ላይ ብቻ የምትቀበል ከሆነ፣ ባቡሩም የመጀመሪያው አውሮፕላን ከቢሾፍቱ በተነሣበት ዕለት ሥራ የሚጀምር ከሆነ፣ አትቸገርም። ባቡሩ ከዘገየ ወይም ሻንጣውን እርሷ ራሷ እንድትጎትት ከተተወላት ግን ደብሊን ላይ ያተረፈችውን ሁለት ሰዓት ደብረ ዘይት መንገድ ላይ ትከፍለዋለች። ለዚህ ሁለት ነገር አሁኑኑ በዕቅዱ ላይ ቢሰፍር ይበጃል፦ ሻንጣ ከመነሻ ከተማ እስከ መድረሻ በቀጥታ እንዲላክ፣ ከመቀሌ፣ ከጎንደር፣ ከጅማና ከድሬዳዋ ከሚመጡት በረራዎች መካከልም ከሌሊቱ የረጅም መንገድ በረራዎች ጋር የሚገናኙት በቀጥታ ቢሾፍቱ እንዲያርፉ።